የምድር መናወጥ ያላፈረሰው ግድብ



በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ደቡብ፥ ክሪስታል ስፕሪንግስ የሚባል የቆየ የስሚንቶ ግድብ አለ። ያሠራው ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል የውሃ ኩባንያ ነው፤ መሐንዲሱም ኸርማን ሹስለር ነበረ። ሥራው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ገደማ ተፈጸመ።

ሹስለር ግንቡን በሙሉ ባንድ ጊዜ አላፈሰሰውም። ስሚንቶ ሲደርቅ ይኰማተራልና ስፋቱ ሲበዛ ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት ያስመረገ ሰው ወፍራም ምርግ ባንድ ቀን ሲለጠፍ የሚሆነውን ስለሚያውቅ፥ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህ መሐንዲሱ ግንቡን በትልልቅ ክፍል ከፍሎ፥ አንዱ ሲጠና ጐረቤቱን እያስከተለ፥ እርስ በርሳቸው እንደ ጥርስ እንዲነካከሱ አድርጎ ሠራው። አፈር የነካው ጠጠር ከስሚንቶ ጋራ አይዋሐድምና ጠጠሩም አስቀድሞ ይታጠብ ነበር።

በሐይቁ ሥር ሳን አንድሪያስ የሚባለው የምድር ስንጥቅ ያልፋል፤ ከግንቡም የሚርቀው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ ኤውሮፓ በ1906፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲሆን ምድር ተናወጠች። በዚያ አካባቢ መሬቱ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ጐን ተንሸራተተ። ግንቡ ግን ጸና፤ ውሃውንም ያዘ።

ሆኖም ሳን ፍራንሲስኮ ተቃጠለች። ውሃውን ወደ ከተማው የሚወስዱት ቧንቧዎች፥ በረግረግ ላይ የተዘረጉትም በመንገዶች ሥር የተቀበሩትም፥ ተሰባብረው ነበርና እሳት አጥፊዎች ውሃ አጡ። ሐይቁ ሙሉ ሳለ እሳቱ ሦስት ቀን ያህል ነደደ። 28,000 ያህል ሕንፃ ጠፋ፤ በመናወጡና በቃጠሎው ያለቀው ሕዝብም 3,000 ያህል እንደሆነ ይገመታል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የግንቡን ጽናት ብቻ ያነሣል። ምስጋናው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ለነደደበት ሰው የግንቡ መጽናት በዚያ ቀን ምንም አልረዳውም።

ከተማው ከዚያ በኋላ ለእሳት ብቻ የሚያገለግል ሌላ የቧንቧ መሥመር ዘረጋ፤ በኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ፥ በመንገዶች ሥርም የውሃ ጕድጓድ አበጀ። ኩባንያውንም በ1930 ገዛው። በ1934 ደግሞ ከሩቅ ተራራ፥ ከሔች ሔቺ፥ የተሳበ ውሃ ወደዚሁ ሐይቅ ገባ። በ1989 ምድር ዳግመኛ ስትናወጥ ግንቡ ቆመ፤ ዛሬም የአካባቢው ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ይይዛል።