ከሂጃቧ በፊት ሩጫዋን እንይ

ሲፋን ሐሰን ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች። ትዕግስት አሰፋን የቀደመቻት በ3 ሰከንድ ብቻ ነው። በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትርም ነሐስ ወስዳለች። ማታ ሜዳሊያዋን ስትቀበል ግን የብዙዎች ወሬ ሂጃቧ ሆነ። ፈረንሳይ ለራሷ አትሌቶች ሂጃብ ከልክላ ነበርና አንዱ ድፍረቷን አደነቀ፤ ሌላው በቁምጣ ሮጣ ለምን ተሸፈነች ብሎ ተቸ። በ15 ዓመቷ ተሰዳ ሆላንድ የገባች ልጅ ልብሷን ለመምረጥ የማንን ፈቃድ ትጠይቅ? እኛም ብንሆን በየሠርጉና በየበዓሉ የሴት ልጆቻችንን አለባበስ ለመፍረድ እንቸኩላለን። መጀመሪያ የደከሙበትን እንጠይቃቸው።