ከጠዳ እስከ አውራ አምባ

(ድምፅ፦ የሸማ መወርወሪያ)

አድማጮቻችን፣ የምትሰሙት መወርወሪያ በሴት እጅ ነው። በደጋው አገራችን ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ነው ሲባል ኖሯል። በአውራ አምባ መንደር ግን ወንዱ እንዝርት ያሾራል፣ ምጣድም ያሰማል፤ ሴቷም እርፍ ትጨብጣለች።

ከጠዳ በባሕር ዳር መንገድ ማክሰኝትን፣ እንፍራንዝንና አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ወረታ ስትደርሱ፣ ወደ ደብረ ታቦር ታጠፉ። መንደሩ ሩቅ አይደለም።

“የጎንደር ገበሬ ወግ አጥባቂ ነው፣ አዲስ ነገር ከከተማ ካልመጣለት አይነቃነቅም” የሚል አባባል አለ። እኔ ይህን አባባል አልቀበልም። አውራ አምባን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የዚሁ አገር ገበሬ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ጥያቄያቸው የተነሣው ከእናታቸው ጓዳ ነው፤ እናትና አባት እኩል እርሻ ውለው ሲገቡ፣ አባት ያርፋል፣ እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። ለምን?

መልሱ አውራ አምባ ሆነ፤ እሱም ዋጋ አስከፈለ። ጎረቤት የመንደሩን ሰዎች ከሃይማኖት የወጡ አላቸው። በደርግ ማብቂያ ደግሞ በፖለቲካ ተጠረጠሩ፤ መሬታቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ አብዛኛው መሬት በሌላ እጅ ነበር። ለእርሻ የማይበቃ ቁራሽ ስለተረፋቸው ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞሩ።

ዛሬ ያ ጎረቤት እህሉን ጭኖ ወደ ወፍጯቸው ይመጣል።

(ድምፅ፦ ወፍጮ)