ታላቅ ሰው ስለ ተናገረበት አንድ ቁጥር



ዛሬ በፊታችሁ የቀረብነው ስለ አንድ ቁጥር ልንናገር ነው፤ እርሱም 4294967297 ነው። የመረጥነው ትልቅነቱን አይተን ሳይሆን፣ አንድ ታላቅ ሊቅ የተሳሳተበት ስለ ሆነ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ይገኛል። ከ2 ተነሥተን እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ብናባዛ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65536፣ 4294967296 እያለ ይሄዳል። በየአንዳንዱ ላይ 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 እና የዛሬው ቁጥራችን ይወጣሉ። የፊተኞቹ አምስቱ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ የላቸውም፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ይህን አይቶ በ1640 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚከተሉትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ጻፈ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልደበቀም።

በ1729 ጎልድባክ ነገሩን ለኦይለር በደብዳቤ አነሣበት። ኦይለርም በ1732 ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። መንገዱን በኋላ ገለጠው፤ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከብቸኞቹ ቁጥሮች መሞከር የሚያስፈልገው 193ን፣ 257ን፣ 449ን፣ 577ን፣ ከዚያም 641ን ነው። በአምስተኛው ሙከራ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የሚጠራጠር ቢኖር እርሳስ አንሥቶ 6700417ን በ641 ያባዛ።

እንግዲህ ቁጥራችን ከየትኛው ወገን ይመደባል? የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 641ና 6700417 ሲደመሩ 6701059 ብቻ ስለሚሆኑ ጎደሎ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ ፌርማ ራሱ ብቸኛ ያልሆኑትን ማጋለጫ ፈተና አግኝቶ ነበር። ቁጥራችን በዚያ ፈተና በ2 ሲፈተን ብቸኛ መስሎ ያልፋል፤ በ3 ሲፈተን ግን ይወድቃል። የሚያልፍበትን ብቻ እየመረጡ መፈተን መፈተን አይደለም።

ከ1732 ወዲህ በእጅም በኮምፒዩተርም ተሠርቶ፣ ከእርሱ ቀጥለው የሚመጡት ሃያ ሰባት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ እንዳልሆኑ ታውቋል። ታዲያ ከፊተኞቹ አምስት በቀር ሌላ ብቸኛ ፈጽሞ የለም እንበልን? አንበል። ይህን ያረጋገጠ ማንም የለም። አምስት ምሳሌ ፌርማን ካሳሳተው፣ ሃያ ስምንት ምሳሌም እኛን ሊያሳስተን ይችላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥነውን ሸምድደን ለፈተና መመለስ ቀላል ነው። መምህራችንን «ይህ በምን ይታወቃል?» ብለን መጠየቅ ግን ድፍረት ወይም ንቀት አይደለም፤ ኦይለር ፌርማን ያከበረው ቃሉን በመመርመር ነው።