ድሪቶ ስድብ አይሁን

(በጁባ አቅራቢያ በጎሮም የስደተኞች ሠፈር ለስፌት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የጠራችሁን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎን፣ ለዚህ ነው። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ሥር ጠርጎ የሚጥለው፣ ከኪተንጌ ቀሚስ የተረፈው፣ ከተቀደደ ሸሚዝ ጀርባው ያልነተበው ሁሉ ተገጣጥሞ የአልጋ ልብስ ይሆናል። ይህም በቀጥታ መስመር ብቻ ሳይሆን በቅስት፣ ማለትም እየዞረ በሚሄድ ስፌት፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን ደስታ እንደሚሰጥ ልናስረዳችሁ ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ስሙን እናንሣ። በቋንቋችን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየደረቱ የተሠራ ነገር ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ ደግሞ የድህነት ስም ነው። የተዘበራረቀ ጽሑፍ ስናይ እንኳ «ይህማ ድሪቶ ነው» እንላለን። በጥለት ያጌጠውን የሐበሻ ቀሚስ ግን «ጥበብ» ብለን ሰይመነዋል። ሁለቱም ከክርና ከጨርቅ የተሠሩ ሲሆኑ አንዱ ክብር፣ ሌላው ውርደት ሆነ። ነገር ግን ጥበቡን የሚሠራው ሸማኔ ራሱ በሙያው ይሰደብ እንደነበረ አንርሳ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ የሥራን ክብር የሚሰጠውም የሚነሣውም ሰው ነው። ለሸማኔው ክብሩ ከተመለሰ፣ ለድሪቶ ሰፊዋ የማይመለስበት ምክንያት አይታየንም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አንድ መንደር በአሜሪካ አለ። በአላባማ ክፍለ ግዛት የሚገኝ ሲሆን ጂስ ቤንድ ይባላል። ሦስት ወገኑን ወንዝ ይከበዋል። ነዋሪዎቹ ቀድሞ በባርነት በጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ ከነበሩ ጥቁሮች የተወለዱ ናቸው። ሴቶቹ ቤተሰባቸውን ከብርድ ለመጠበቅ ካረጀ የሥራ ልብስና ከጆንያ ድሪቶ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ አንድ ድሪቶ ሰፋች። መታሰቢያውም መሞቂያዋም እርሱ ሆነ። በ2002 የመንደሩ ሴቶች ሥራ በሂዩስተን ከዚያም በኒው ዮርክ በትልልቅ ሙዚየሞች ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥራዎቹን በቴምብር ላይ አተማቸው። እነዚያ ሴቶች ግን መርፌ ሲያነሡ ሙዚየም የሚባል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም። ልጅ እንዳይበርደው ነበር የሚሰፉት፤ ሲሰፉም ቀለሙን በየራሳቸው ምርጫ ያሰባጥሩት ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ የተጠለልንበት አገር ሴቶች ሚላያ የሚሉት ሥራ አላቸው። አንሶላውን በባለ ቀለም ክር አበባና ወፍ እየጠለፉ፣ ጠርዙን በኪሮሽ ያስጌጡታል። ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ ከምትይዘው ዕቃ አንዱ ነው። በጦርነቱና በስደቱ ዘመንም አልተዉትም። ከ2023 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ወደዚህ ሠፈር ከመጡት ጎረቤቶቻችን መካከልም ጥልፍ የሚችሉ አሉ። ቋንቋ ባይገጥመን እጅ ያሳየናልና አጠገባቸው ተቀምጠን እንማር።

አሁን ወደ ቅስቱ እንምጣ። ብዙዎች ዙር ስፌት አስቸጋሪ ነው ብለው ይሸሹታል። እናቶቻችን ግን ዙር ነገር ሲሰፉ ኖረዋል። ሞሰቡ፣ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ ሁሉ ከመሐል ተጀምሮ እየዞረ የሚያድግ ነው። በወስፌና በስንደዶ፣ በአለላ እያሸበረቁ፣ ንድፍ በወረቀት ሳይሥሉ ይሠሩታል። ያንንም ሥራ የምንጠራው «ስፌት» ብለን ነው።

በጨርቅ ሲሆን አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከካርቶን በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። አንዱ ጥግ ላይ የክር ጫፍ ይዛችሁ፣ 14 ሴንቲ ሜትር ላይ እርሳስ አሥራችሁ አዙሩ። በመስመሩ ስትቆርጡት ሁለት ካርቶን ይወጣል፤ አንዱ ሆዱ የወጣ ሩብ ክብ፣ ሌላው ሆዱ የገባ። እያንዳንዱን በሌላ ቀለም ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በጠመኔ ሥሩ፤ ለስፌት ደግሞ በሁሉም ወገን 1 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሆዱ የወጣው ቁራጭ ጠርዝ 23 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ሆዱ የገባው 20 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። «አይገጥምም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። መርፌው የሚሄድበት በጠመኔ የተሠመረው መስመር በሁለቱም 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ሆዱ የገባውን ጠርዝ በየጣት ስፋቱ በመቀስ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነካ ነካ አድርጉት፤ መስመሩን ግን እንዳትነኩ። ከዚያ ሁለቱን መሐል ለመሐል በእስፒል ያዙ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች፤ በመጨረሻም መካከሉን። ሆዱ የገባውን ከላይ አድርጋችሁ በቀስታ እየመለሳችሁ ስፉ። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ ሲጎትቱት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ ሲስቡት ግን ይለጠጣል። ቅስቱ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲያልቅ በካውያ ስትጫኑት ያ ሁሉ ጭምድድ ተዘርግቶ ለጥ ይላል። ያን ጊዜ ሳይስቅ የሚቀር ሰፊ አላየንም።

ደስታው ግን የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው። አራቱን ሩብ ክቦች ብትገጥሙ ሙሉ ጨረቃ ይወጣል። ሁለቱን ብትገለብጡ ወንዝ ይሆናል። ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ ቁራጭ አዙሮ መንገድ ያወጣበታል። አሜሪካውያን እንዲህ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ የሚሄደውን አገጣጠም «የሰካራም መንገድ» ይሉታል። ሳትሰፉ በፊት ምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ አሥር ጊዜ ብትቀያይሩት ምንም ወጪ የለውም።

ወገኖቻችን፣ ዋናው ሐሳባችን እዚህ ላይ ነው። በስደት ኑሮ ብዙውን ነገር የሚወስንልን ሌላ ነው። የሚታደለውን እህል፣ የሸራውን ስፋት፣ የምዝገባውን ቀን አንመርጥም። ሰው ለብዙ ዓመት ሳይመርጥ ከኖረ መምረጥን ይረሳል፤ ልጆቹም ከእርሱ አይማሩትም። ድሪቶ ላይ ቀዩ ከቢጫው ጎን ይሁን ወይስ ከሰማያዊው ብላ የምትወስነው ሰፊዋ ናት። ልጇም አጠገቧ ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ይኸኛው እዚህ ይሁን» ሲል እርሱም መምረጥን ይለማመዳል።

«ብንሸጠው ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በሐቅ እንመልስ። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ60 የሆነ የአልጋ ልብስ 80 ቁራጭ ይፈልጋል። በየምሽቱ አንድ ቅስት ቢሰፋ ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በገበያ ከሚሸጠው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ለሽያጭ የትራስ ልብስና ቦርሳ ይሻላሉ፤ ለእነርሱም ጥቂት ቁራጭ ይበቃል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራችሁ ለቤታችሁ ይሁን። ገና ሳይለምዱ ለገበያ የሚሰፋ እጅ ይቸኩላል፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ቅስቱን ያጨማድደዋል፣ ደስታውንም አያገኘውም።

ወንዶችም ብትመጡ አታፍሩ። በመርካቶም ሆነ እዚህ በኮኞ ኮኞ ገበያ መኪና ላይ ተቀምጦ የምታዩት ልብስ ሰፊ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የምታመጡት መርፌ፣ ክር፣ መቀስ ያለው መቀስ፣ እንዲሁም ከቤታችሁ የወጣ ቁራጭ ጨርቅ ነው። አዲስ ኪተንጌ ቀለሙን ሊለቅና ሊሸበሸብ ስለሚችል አስቀድማችሁ ለብቻው እጠቡት። የሚወዱትን ሰው ልብስ ያስቀመጠ ካለ፣ ከእርሱም ጥቂት ቢያመጣ ቦታ እናገኝለታለን። ሥራው ሲያልቅ ማንም «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ አንገታችሁን ሳትደፉ «ድሪቶ ነው፤ እኔ ሰፋሁት» በሉት።