የማያም እብጠት፦ ካንሰር የሆነና ያልሆነ ዕጢ በምን ይለያል?



ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው «ስለማያመኝ ተውኩት» ስለሚባለው እብጠት ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። መጠንም ፍርድ አይሰጥም፤ በወሎ ደጋ የምናውቀው እንቅርት እጅግ ገዝፎም ካንሰር ላይሆን ይችላል።

ልዩነቱ በጠባይ ነው። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በቦታው ተወስኖ ያድጋል። ካንሰር ግን አጎራባቹን ሥጋ ሰርጎ ይገባል፤ በደምና በሊምፍ አማካይነት ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አጥንት ይዛመታል። የመጀመሪያውም ቢሆን አይናቅም፤ ራስ ቅል ውስጥ ካደገ አንጎልን ይጫናል።

ሁለቱን በዓይንና በጣት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ስለዚህ ሕመም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያን ጊዜ ካንሰሩ ተዛምቶ ሊሆን ይችላል።