የቫይረስ መጠንን ስለ መለካት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



እንደሚታወቀው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ ጂንካ ከተማ መግባቱ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራ ተረጋገጠ። በአገራችን የመጀመሪያው ነበር፤ ወረርሽኙ በጥር ወር አበቃ። ታዲያ «ጂንካ የት፣ እኛ የት!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በሽታው ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ነው። ይኸ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ከምናውቀው ንዳድ በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

ስለ ምርመራው ጥቂት እንበል። መሣሪያው የቫይረሱን ዘር በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ እስኪታይ ድረስ። ቫይረሱ በደሙ የበዛበት ሰው በጥቂት ዙር ይታያል፤ ያነሰበት ብዙ ዙር ይፈጃል። በ20 ዙር የታየው በ30 ዙር ከታየው አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንግዲህ የዙሩ ቁጥር አነሰ ብለን ደስ አይበለን፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የመጠኑ ነገር ምን ያህል ለሕይወት እንደሚወስን በኮንጎ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. የማርበርግ ዘመድ ለሆነው ለኢቦላ መድኃኒቶች ሲፈተኑ፣ የተሻሉትን ሁለቱን ከወሰዱት መካከል መጠኑ ዝቅ ካለላቸው ከ100ው 10 ወይም 11 ያህል ሞቱ። መጠኑ ከፍ ያለባቸው ግን ያንኑ መድኃኒት እየወሰዱ ከ100ው ከ60 በላይ ሞተዋል። እቤት ተኝቶ «ይተወኝ ይሆናል» ማለት እንግዲህ ቫይረሱን ማርባት ነው።

ሌላም አለ። ትኩሳቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቫይረሱ ገና ጥቂት ስለሚሆን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ስለሆነም «የለብህም» የተባለ ተጠርጣሪ እንደገና ደም ስጥ ቢባል ባለሙያውን አንማው።

ከሁሉ የሚከብደን የቀብሩ ጉዳይ ነው። በዚህ በሽታ በሞተ ሰው ገላ ላይ ቫይረሱ እጅግ የበዛ ነው። አጥቦ የሚገንዘው፣ ፊቱን የሚስመው ዘመድ ያን ሁሉ ይቀበላል። በእኛ ዘንድ ሬሳ ሳይታጠብ መቅበር እንደ ውርደት እንደሚቆጠር እናውቃለን። ፍትሐቱ ራቅ ተብሎ ሊደርስ ይችላል፤ ሬሳውን መንካት ግን መከላከያ ልብስ ለለበሱ ለሠለጠኑ ሰዎች መተው አለበት። የእድር ዳኞቻችን ይህን ከቀሳውስቱ ጋር አሁን፣ ደህና ቀን እያለ ይነጋገሩበት፤ በለቅሶ መካከል ማን ይሰማል?