ፍርዱ የአንባቢ ነው

ኦክላንድ፦ የዛሬው መጽሐፋችን የኦክላንዱ ልጅ ቶሚ ኦሬንጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ «ዜር ዜር» ነው። አሥራ ሁለት ባለታሪኮች በኦክላንድ ኮሊሲየም ስታዲየም ወደሚደረገው የነባር አሜሪካውያን የጭፈራ በዓል ያመራሉ። ዘራፊዎችም ሽጉጥ ይዘው ይገባሉ። አንባቢን ለሁለት የከፈለው መጨረሻው ነው።

ሳን ሆዜ፦ እኔ ቅር ካላቸው ወገን ነኝ፣ እህቴ። ጭፈራውን ከዩቲዩብ የተማረው የ14 ዓመቱ ኦርቪል በጥይት ይመታል። ይሙት ይትረፍ ሳይነገረን መጽሐፉ ያልቃል። ይሄ አንባቢን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ኦክላንድ፦ እኔ ግን ከደራሲው ጎን ነኝ፣ ወንድሜ። ልጁ በጥይት የተመታበት ቤተሰብ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ቆሞ ምን መልስ ያገኛል? ደራሲው ያንን ጭንቀት እኛም እንድንቀምሰው አድርጓል።

ሳን ሆዜ፦ እሱስ እውነት ነው። ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነውም በከንቱ አይደለም። የኦርቪልን ዕጣ ለማወቅ ግን ተከታዩ ልቦለድ «ዋንደሪንግ ስታርስ» እስኪወጣ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጠበቅ ነበረብን።

ኦክላንድ፦ አድማጮቻችን፣ መጽሐፉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁ አንብቡት፤ ከልጆቻችሁም ጋር ተወያዩበት። ከዚያ ደውሉልንና ፍርዳችሁን ስጡን።